ባለ ሁለት ማፍሰሻው ማንቆርቆሪያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ መካነ ሰላም

ዛሬ ለዜሮ ክፍል ልጆቼ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ሥዕል ምን እንደሚመስል አሳየሁ። ወፍራም ወረቀት እያጠፍኩ ቆርጬ፣ እንዲገጣጥሙት ለሁለት ከፈልኩላቸው። ቢራቢሮውም ቅጠሉም አምረው ወጡ። ማንቆርቆሪያውንም ሳላስብ አጥፌ ቆርጬ ለሁለት ብከፍለው፣ ማፍሰሻው በሁለቱም በኩል ሆኖ ቁጭ! እጀታ እንኳ የለው። ልጆቹ ሳቁብኝ። አፍሬ ልቀደው ስል ዘሃራ እጄን ያዘችኝ። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ አንዲት ቃል ያልተነፈሰችው ዘሃራ!

«ቲቸር፣ አይቅደዱት። አባዬና እማዬ ለሶላት አንድ ላይ እየታጠቡ ውዱእ ያደርጉበታል።»

ማሻ አላህ! ይህ ሁሉ ሐሳብ በዚያች ትንሽ ጭንቅላት ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ኖሯል።

ከዚያ ሁለቱን ግማሾች ገጣጥማ፣ አንዱን ማፍሰሻ ወደ እኔ አዘነበለችው። ሳላስበው እጆቼን ዘረጋሁላት።