መሪው ከቀለለ በኋላ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር

ውድ ልጄ ዜማ፣

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ያስቅሽ ይሆናል። እኔና አንቺ ግን በስልክ ስናወራ ሰላምታው ሳያልቅ ድምፃችን ከፍ ይላል፤ እናትሽ ቶሎ ብላ ስልኩን ትቀበለኝና ስለ ሐዋሳ ሙቀትና ስለ ተማሪዎችሽ ትጠይቅሻለች። እኔ ያላልኩት፣ አንቺም ያልሰማሽው ነገር በዚያው ይቀራል። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም። እኔም ብቆጣ እንኳ ሰርዤ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ይህን ልንገርሽ፦ መኪናዋን አልሸጥኳትም። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከራሴ ብትሰሚው ይሻላል።

ባለፈው ክረምት ስትሮኩ መትቶኝ ሆስፒታል ስተኛ ሥራሽን ጥለሽ መጥተሽ አስታመምሽኝ። ያንን አልረሳሁም። ከሆስፒታል የወጣሁ ቀን ግን እዚያው በር ላይ ቆመን፣ ታክሲ ስንጠብቅ፣ «አባዬ፣ መኪናዋን ይሽጧት። ከእንግዲህ አይነዱም» አልሽኝ። እናትሽ ትሰማለች፣ የበሩ ዘበኛ ይሰማል። አንቺ የተናገርሽው ስለ መኪና ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን «አበቃልዎ» ብለሽ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ እስከ ቁይ ከተማ ያለውን መንገድ ስመላለስበት ኖሬ፣ ገበያተኛውን፣ ሙሽራውን፣ ምጥ የያዛትን ሴት ሁሉ ሳመላልስ ኖሬ፣ ታክሲ እየጠበቅሁ አበቃልዎ ስባል ምን ልበል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅሽን ስሰማ ሆዴ ይባባል፣ ወዲያውም እቆጣለሁ።

እግሬ እየተመለሰ መጣ። እንደምታውቂው ሳይድን የቀረው ግራ እጄ ነው። ላንድክሩዘሯ ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመታት ከረመች። የእሷ ሞተር እንኳ ከእኔ ቀድሞ ነው የታመመው፤ በበጋው ራሱ ውሃና ዘይት ቀላቅሎ ቆሞ ነበር። መስቀል ካለፈ በኋላ እናትሽን ሳላማክር ደመላሽ ጋ ሄድኩ። ደመላሽን አትረሺውም፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ያለው፣ ሲናገር እጁን በጨርቅ የሚጠርግ ጓደኛዬ ነው። ከአንድ የተገለበጠ መኪና የወጣ ደህና ሞተር አፈላልጎ አገኘና ገጠመው። ሲነሣ ድምፁ እንዴት ያምር እንደነበር! የደመላሽ ፊት ግን አልተፈታም።

«ሞተሩስ ገባ» አለኝ። «ያስቸገረኝ የመሪው ነገር ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪውን የሚያቀልለው ፓምፕ ዘይቱን የሚስበው ከአንዲት ትንሽ ማጠራቀሚያ ነው። ከአዲሱ ሞተር ጋር የመጣችው ማጠራቀሚያ በእኛዋ መኪና ቦታ አጣች፤ ከባትሪው ጋር ትጋፋለች፣ የሞተሩ ክዳን ኮፈኑም አይዘጋም። የድሮዋ ደግሞ አፏ ጠባብ ስለሆነ ለአዲሱ ፓምፕ የሚበቃ ዘይት አታሳልፍም። እንደዚያ ያለ ዕቃ ደግሞ ተሠርቶ ከሱቅ አይገዛም።

«ፓምፑን እንተወው» አለ ደመላሽ። «በጉልበትህ ታዞረዋለህ። ድሮስ እንዲያ አልነበረም የምንነዳው?»

ግራ እጄ የኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ደመላሽ ኪሴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እጁን መጥረግ ጀመረ።

«እንሥራው በለኛ» አለ ቀስ ብሎ።

ሠራነው። መጀመሪያ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አመጣሁና ሞተሩ ዙሪያ እያስጠጋን ቦታ ፈለግን። ኮፈኑን እየዘጋን፣ እየከፈትን፣ ከፓምፑ ከፍ ያለች፣ ከጭስ ማውጫውም ሙቀት የራቀች አንዲት ጥግ ተገኘች። ደመላሽ ጋራዡ ጥግ የወደቀ አሮጌ የእሳት ማጥፊያ ነበረው። ባዶነቱን ደጋግሞ ካረጋገጠ በኋላ በግራይንደር ቆረጠው፣ ታችኛውን አፍ በወፍራም ላሜራ ዘጋው፣ ዘይቱ የሚወጣበትንና የሚመለስበትን ቱቦ በየዳበት። ክዳኑን ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ላይ ፈታን። እኔ በቀኝ እጄ እየያዝኩለት፣ እሱ እየበየደ። ሲያልቅ ቆንጆ አልነበረም፤ የእኛ ግን ነበር።

ሞተሩን አስነሥተን መሪውን ስናዞረው ፓምፑ እንደ ተራበ ጥጃ ጮኸ። መሪው አንዴ ይቀላል፣ አንዴ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ክዳኑን ስንከፍት ዘይቱ አረፋ ደፍቋል።

«ፓምፑ ነው የተበላሸው» ብሎ ደመላሽ የብሎን መፍቻውን ወረወረ።

ተቀምጬ ብዙ አየሁት። ከዚያ ተመላሹ ዘይት ከላይ እየወረደ እንደሚገባ ልብ አልኩ። ጀሪካን ውስጥ ውሃ ከከፍታ ስትለቂበት እንዴት አረፋ እንደሚያወጣ ታውቂ የለ? አየር ይዞ ይገባል፤ ፓምፑ ደግሞ ያንን አየር ይውጣል።

ነገርኩት። ደመላሽ ጎንበስ ብሎ አየና ወደኔ ዞሮ፣ «እሺ፣ እንዴት እናድርገው ትላለህ?» አለኝ።

ዜማዬ፣ ይህን ለምን እንደምነግርሽ ታውቂያለሽ? ከታመምኩ ወዲህ ሰው ሁሉ «አረፍ ይበሉ» ሲለኝ ነው የከረመው። ጎረቤቱ፣ ቄሱ፣ እናትሽ፣ አንቺ። «እንዴት እናድርገው» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቱቦውን በጣቴ እያሳየሁ መለስኩለት።

የመመለሻውን ቱቦ ከዘይቱ በታች እንዲገባ ዝቅ አደረግነው። መካከሉ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላሜራ አስገባን፤ የሚመለሰው ዘይት እዚያ ተረጋግቶ እንዲያልፍ ነው። ከብየዳው በኋላ ውስጡን ማጽዳት የኔ ሥራ ሆነ። አንዲት የብረት ፍንጣሪ ብትቀር ፓምፑን ትበላዋለች። በነጭ ጋዝ አጠብኩት፣ በክር የታሰረ ማግኔት እያስገባሁ ለቀምኩት። ለዚህ ሥራ አንድ እጅ ይበቃል።

በመጨረሻ ሞተሩ ተነሣ፤ ጩኸት የለም። መሪውን በአንድ ጣት አዞርኩት። በአንድ ጣት! ደመላሽ ዕቃ የሚፈልግ መስሎ ፊቱን ወደ ሳጥኑ አዞረ። እኔም ፈልግ ብዬ ተውኩት፤ ዓይኔን መጥረግ ነበረብኝ። ለአንቺ ለመደወል ስልኬን አወጣሁ። «እጄ ቢከለክለኝም መሪው አልከለከለኝም» ልልሽ ነበር። ከዚያ፣ «ቁይ ደርሼ ልደውልላት» ብዬ ወደ ኪሴ መለስኩት።

እናትሽ «ብቻህንማ አትወጣም» ብላ በር ላይ ቆመች። ስለዚህ የወንድሜን ልጅ አይናለምን ጎኔ አስቀመጥኩ። የመኪና መንጃ ፈቃድ ካወጣች ቆይታለች፤ መኪና የሚያምናት አጥታ ግን ባጃጅ ትነዳለች። የገበያ ቀን ነበር። ከተማውን ወጥተን ሜዳው ሲገለጥ ደረቴ ሰፋ። ላንድክሩዘሯ ቅቤ እንደተቀባች ነው የምትሄደው። አይናለምን፣ «አየሽ? ሰው ሁሉ ሽጥ፣ ሽጥ ይለኛል» አልኳት።

መንገዱ ባዶ ነበር። ለእኔ ባዶ ነበር።

«ጋሼ! ግራ! ግራዎን!» ብላ ጮኸች አይናለም፤ ወዲያውም እጇን ዘርግታ መሪውን ጎተተችው። ያቺ ቀጭን እጇ መኪናዋን በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አወጣቻት። ሣሩ ላይ ቆምን። ያን ጊዜ ዞር ብዬ ሳይ አንዲት ሴት ሁለት የተጫኑ አህዮች እየነዳች ከግራ በኩል መንገዱ መሃል ደርሳለች። አቧራችን ላይዋ ላይ ነበር።

አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ መስኮቴ መጥታ፣ «አባቴ፣ አላዩኝም እንዴ? ፊትዎ ወደኔ ስለነበረ እያዩኝ መስሎኝ እኮ ነው የገባሁት» አለችኝ።

«አላየሁሽም፣ እናቴ። ይቅር በይኝ» አልኳት።

አህዮቿን እየነዳች ሄደች። ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ነቅዬ ሰጠኋት። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አልቀማኝም፤ ራሴ ነኝ የሰጠኋት። ይህን በደንብ እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። ወርጄ በመኪናዋ ፊት ዞሬ በሌላው በር ገባሁ። አይናለም መሪውን ይዛ፣ «ጋሼ፣ መሪው እንዴት ይቀላል!» ስትል ሁለታችንም ሳቅን። የምን ሳቅ እንደነበረ አላውቅም።

በነጋታው ሆስፒታል ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ልጅ ጣቷን ከግራዬም ከቀኜም እያንቀሳቀሰች መረመረችኝ። ዓይኔ ጤነኛ ነው አለች፤ በሽታው ግን አእምሮዬ በግራ በኩል ያለውን ሳያስተውል እንዲያልፍ አድርጎታል። «ለልጅዎ ነግሬያት ነበር እኮ» አለችኝ። እቤት ስገባ እናትሽን ጠየቅኋት። ያን ቀን የሆስፒታሉ በር ላይ ሁሉንም ዘርዝረሽ ነግረሽኝ እንደነበር ነገረችኝ፤ እጅ ብቻ እንዳልሆነ፣ ግራዬን እንደማላስተውል። እኔ «አይነዱም» ካልሽኝ በኋላ ያለውን አንድም ቃል አልሰማሁም።

አሁን የቁይን መንገድ አይናለም ትሠራበታለች። ከጎኗ ስቀመጥ የየኩርባውን ጠባይ እነግራታለሁ፤ «አውቃለሁ፣ ጋሼ» ትለኛለች፤ ደግሞ በአንድ እጅ ነው የምትነዳው፣ ያበሳጨኛል። ማጠራቀሚያችን ጠብታ እንኳ አያፈስም። ይህን ያየ ሌላ ባለመኪናም ለራሱ እንዲሠራለት ጠይቆ፣ ደመላሽ ትናንት፣ «ማግኔትህን ይዘህ ና» ብሎ ላከብኝ። ሄጄ ዋልኩ።

ስለዚህ አልሸጥም ያልኩት እኔ ልክ ነበርኩ፤ አይነዱም ያልሽው አንቺም ልክ ነበርሽ። ይህን በስልክ ብናገረው ድምፄ ይሰበራል፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ ሰው ሁሉ በግራዬ እንዲቀመጥ አዝዛለች፤ ወደዚያ መዞርን እንድለምድ ነው። እናትሽ ምሳዬንም በግራዬ እያስቀመጠች አስቸግራኛለች። ለፋሲካ ስትመጪ መናኸሪያው ድረስ አይናለም ይዛኝ ትመጣለች። መኪናዋ ውስጥ ከኋላ አብረን ስንሆንም፣ ማዕዱም ላይ፣ በግራዬ ተቀመጪ። ዞሬ አይሻለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ፣
ጸጋው