ቃል የሌለውን ዜማ በቃሉ ምክንያት ላገደው ኮሚቴ

ኅዳር 27 ቀን 2008 ዓ.ም.
ጁባ

ለክቡር አቶ ዘካርያስ
የማኅበራችን የወጣት ክር መሣሪያ ተጫዋቾች ውድድር
የዜማ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለኮንስትራክሽን ድርጅትዎ ሥራ፣ ለግቢዎ ጄኔሬተርም የማያልቅ ናፍጣ እመኛለሁ። የኮሚቴው አባላትም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ይህን ያህል ጊዜ ተቀምጦ መሰብሰብ ለወገብ አይበጅም ሲባል ስለምሰማ ሳስብላችሁ ነው የከረምኩት። ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ማናህሎሽ ነኝ። በሥራ ቀን አማራት ሰፈር ባለ የአየር መንገድ ቢሮ ቲኬት እቆርጣለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የወገኖቻችንን ልጆች ክራር፣ ማሲንቆና ቫዮሊን አስተምራለሁ።

ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ክቡርነትዎን ለማሳጣት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። በግል የጻፍኩላችሁ ሁሉ “በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል” የሚል መልስ ስለተሰጠው፣ እስኪታይ ድረስ ብቻውን እንዳይከርም ሌላ ሰውም ቢያየው ደግ ነው ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የጁባ ኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ክር ባለው መሣሪያ የሚጫወቱ፣ ዕድሜያቸው ከአሥራ ስድስት ያልበለጠ ልጆችን ሊያወዳድር አስቦ፣ አንደኛ የወጣውን አዲስ አበባ ልኮ ሙዚቃ ሊያስተምር ቃል ገባ። እንዲህ ያለ ዕድል በዚህ ከተማ ከዚያ በፊት ተሰምቶ አያውቅም። ውድድሩ የታሰበው ለታኅሣሥ 2006 ነበር፤ በዚያ ወር ጁባ ላይ የተነሣውን ጦርነት ሁላችንም ስለምናውቅ ስለዚያኛው መቅረት አንዲት ቅሬታ የለኝም። የሚቀጥለው ዓመት ውድድር የቀረው ግን በተኩስ አልነበረም። ልጆቹ ምን ይጫወቱ የሚለውን ኮሚቴው ሊወስን ስላልቻለ ነው። አሁን ወስኗል፤ ስለ ውሳኔውም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የሚፈቀዱትን ዜማዎች ከመምረጥ በፊት የማይፈቀዱትን መምረጥ ይሻላል ብላችሁ በመነሣታችሁ አመሰግናለሁ። ፉከራና ሽለላ በመጀመሪያው ስብሰባ ወጡ፤ በዚህ ከተማ፣ በዚህ ጊዜ፣ ልጅ ፉከራ ይጫወት የሚል ሰው ጤና የለውምና እኔም ደገፍኩ። ቀጥሎ የሐዘን ዜማ ወጣ፤ ሰው ሁሉ አዝኖ ሳለ ሌላ ሐዘን አይጨመርም ተባለ። ከዚያ የደስታ ዜማ ወጣ፤ አስተናጋጆቻችን የአገሩ ሰዎች ለቅሶ ተቀምጠው እኛ ብንደሰት ነውር ነው ተባለ። የሠርግ ዜማ “የማን አገር ሠርግ?” ተብሎ፣ የፍቅር ዜማ ተጫዋቾቹ ልጆች ናቸው ተብሎ፣ መንፈሳዊው ዜማ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንዳይቀየም ተብሎ ወጡ። የመኸር ዜማ እንኳ፣ ጸሐፊያችን ወይዘሮ አመለወርቅ እንዳስረዱን፣ ሰው በተራበበት አገር ስለ እህል ማንሣት ስለማይገባ ቀረ። እያንዳንዱን ምክንያት ለብቻው ስሰማው እውነት ይመስለኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ የተረፈውን ስፈልግ ግን ክራሩን ከመቃኘት በቀር ለልጆቹ የማስተምረው ነገር አጣሁ።

ሁለተኛ፦ መቃኘቱም ቢሆን ያለ ፍትሕ እንዳይሆን ላደረጋችሁት ጥረት አመሰግናለሁ። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ሁለቱም የወሎ ቦታዎች ስም እንዳላቸው ያስተዋሉት ገንዘብ ያዣችን አቶ በድሉ፣ አንድ አካባቢ ሁለት ቅኝት ይዞ ሌላው ባዶ እጁን መቅረቱ አድልዎ ስለሆነ አንደኛው እንዲቀነስ ወይም ለቀሩት ክፍላተ ሀገር እንዲፈለግላቸው ሐሳብ አቀረቡ። ኮሚቴው ቅኝት የሚፈልግ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ። ንዑስ ኮሚቴው እስከ ዛሬ እየፈለገ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ይቅናው።

ሦስተኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ሊያመልጠኝ ስለሚችል ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሲድራ የኮንዮ ኮንዮ ገበያው ጅምላ ነጋዴ የአቶ ሰማን ልጅ ናት። ካስተማርኳቸው ሁሉ በጆሮዋ የምቀናባት ልጅ እሷ ብቻ ናት። የክራር ክር በከተማው ስለማይሸጥ፣ በተበጠሰ ቁጥር አባቷ በቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት ወንዝ ዳር እስካለችው ረጃፍ ወርደው ከዓሣ አጥማጆች የመንጠቆ ክር ይዘውላት ይመጣሉ። በዚያ በታኅሣሥ ሰሞን ቤተሰቡ ከሱቁ ኋላ ባለች ክፍል ተዘግቶ ሲሰነብት ጎረቤቶችም እዚያው ተጠግተው ነበር። እናቷ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከክሮቹ ሥር ሻሽ ወተፈችላትና ልጅቷ ክራሩን እየነካካች የተጨነቁትን ታጽናና ጀመር። ተኩሱ ሲነሣ ታቆማለች፤ ጸጥ ሲል ካቆመችበት ትቀጥላለች። ከዚያች ክፍል ስትወጣ ዜማ ይዛ ወጣች፤ ያቆመችባቸው ቦታዎችም በዜማው ውስጥ እንዳሉ ቀሩ። ቃል የለውም። እዚያ ክፍል ውስጥ ድምፁን አውጥቶ ሊዘፍን የደፈረ አልነበረም።

ውድድሩ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የራስ ምርጫ ይፈቅዳል ስለተባለ ሲድራ ይህንኑ አቀረበች። አማራት በሚገኝ ሆቴል አዳራሽ፣ በእናንተ ፊት፣ አባቷ በር አጠገብ ቆመው እየሰሙ፣ ሳትሳሳት ተጫወተች። በእኔ ግምት በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ እኛ ሰዎች ክራር ያለ ዘፋኝ ሲመታ ዝም ብለን መስማት አንችልም፤ ቃሉን በልባችን እየሞላን ነው የምንሰማው። ሠርግ ቤት ሲሆን ያስደስታል። ስብሰባ ላይ የሚያመጣውን ግን ያየሁት በዚያ ቀን ነው። ወይዘሮ አመለወርቅ በዜማው ውስጥ ወንድ የምትጠራ ልጃገረድ ሰሙ። አቶ በድሉ በአገሪቱ መንግሥት ላይ የቀረበ ክስ ሰሙ። ክቡርነትዎ ደግሞ “ተነሡ፣ ወደ አገራችሁ ሂዱ” የሚል ጥሪ ሰምተው፣ ነጋዴውን አስደንግጦ ሱቅ ያዘጋል ብለው ሠጉ። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ረጅም ክርክር ተደረገ። ልጅቷ ቃል እንደሌለው ስትናገር፣ አቶ በድሉ “ታዲያ መሐል መሐል ላይ ለምን ዝም ትላለች? ቃሉ የተደበቀው እዚያ ነው” አሉ። ከዚያ በኋላ ሁላችሁም ዝምታዎቹን መጠርጠር ጀመራችሁ። ውሳኔውም ዜማው “ከአንድ በላይ ትርጉም ያለው ሆኖ በመገኘቱ” እንዲታገድና ተወዳዳሪዋ የደበቀችውን ቃል ለጽሕፈት ቤቱ እንድታስረክብ ሆነ። ሦስቱንም ትርጉም ይዛችሁ የመጣችሁት እናንተ፣ ባዶ እጇን የመጣችውም እሷ ስትሆን፣ አስረካቢዋ እሷ የሆነችበትን አሠራር እስከ ዛሬ አልተረዳሁም።

አራተኛ፦ አቶ ሰማንን ጠርታችሁ ስለመከራችኋቸው አመሰግናለሁ። እሳቸው ሽማግሌ የሚያከብሩ ናቸው፤ ልጃቸውን በአደባባይ ለማጫወት የተስማሙትም እናንተን ታላላቆቻቸውን አምነው ነው። በዚህ ከተማ ወሬ ሱቅ እንደሚያስዘርፍም ከማንኛችንም ይበልጥ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ፍርሃታቸውን አልነቅፍም። በዚያ ሳምንት ቤታቸው ሄጄ ሳለ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ሳይቆጡ፣ እየለመኑ፣ “ኸላስ፣ በቃ ልጄ፣ ቃሉን ስጪያቸውና እንገላገል፤ የሰው አገር ነው” ሲሏት ሰማሁ። ቃል የለውም አለቻቸው። ይህ ዜማ ሲወለድ እዚያችው ክፍል ውስጥ የነበሩ አባት፣ በገዛ ጆሯቸው የሰሙትን ትተው፣ ልጄ የደበቀችኝ ነገር ይኖር ይሆን እያሉ ሲያዩዋት አየሁ። እኔ ልጅ የለኝም፤ ግን ያ አስተያየት በማንም ልጅ ላይ እንዲወድቅ አልመኝም። በጣም አዝኛለሁ፤ ይህንን እንኳ ያለ ምጸት ብጽፈው ክቡርነትዎ አይቀየሙኝ።

ልጅቷ ለጥቂት ቅዳሜዎች መጣችና ቀረች። ቤቷ ሄጄ ክራሯን እንድታነሣ ብለምናት፣ አንሥታ ትንሽ ነካክታ መልሳ ሰቀለችው። ያንን ዜማ ስትጀምር የእናንተ የሦስታችሁ ቃል እንደሚሰማት፣ ማቆሚያው ላይ ስትደርስም አቶ በድሉ እንደሚናገሩ ነገረችኝ። ሌላ ዜማ ሞክሪ አልኳት። ሁሉም እንደዚያው ሆኗል አለችኝ። ጥይት ያላበላሸውን ጆሮ ስብሰባ አበላሸው።

አምስተኛ፦ ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ለዘንድሮው ውድድር አንድ ዜማ በመፍቀዳችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። ወይዘሮ አመለወርቅ በላኩልን ማስታወቂያ መሠረት የግዴታው ዜማ የማኅበራችን መዝሙር ነው። በራስ ምርጫም ቢሆን ተወዳዳሪው የማኅበራችንን መዝሙር ቀስ ብሎ ወይም ፈጠን አድርጎ ለመጫወት ነፃነቱ ተጠብቆለታል። የመዝሙሩ ደራሲ ክቡርነትዎ መሆንዎን ብዙ ሰው ስለማያውቅ፣ ይህ ከትሕትናዎ የተነሣ ተሸፍኖ እንዳይቀር እዚህ ላይ መጥቀስ ግዴታዬ ነው። ግጥሙ “ማኅበራችን መመኪያችን” ብሎ ይጀምርና በዚያው አሳብ ይጨርሳል። ማንም ቢሰማው ሁለተኛ ትርጉም እንደማያገኝለት እኔም እመሰክራለሁ፤ የመጀመሪያውንም ለማግኘት ተቸግሬ ነበር።

ክቡርነትዎ በመጨረሻ ምን ፈልጋ ነው ይሉ ይሆናል። ምንም። እገዳው ቢነሣም የምትጫወተው ልጅ የለችም፤ ውድድሩ ለከርሞ ቢሸጋገርም ዕድሜዋ ከገደቡ ያልፋል። አባቷ ካሁን በኋላ ሱቅ እንድታግዛቸው አድርገዋል፤ ጎበዝ ሆናለች፣ ዐረብኛውንም አቀላጥፋዋለች ይባላል። ረጃፍ የሚወርድ የለም። አዲስ አበባ የሚሄደው ልጅ ማንም ይሁን ማን መልካም ጉዞ እመኝለታለሁ፤ መዝሙሩን ፈጠን አድርጎ የተጫወተው ሳይሆን አይቀርም። ቲኬቱን እኔው እቆርጥለታለሁ።

ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜ፣ ለስብሰባዎቹ ምልዓተ ጉባኤ፣ ለክቡርነትዎ ብዕርም ሁለተኛ መዝሙር እየተመኘሁ፣ ለክር መሣሪያ ስላደረጋችሁት ሁሉ በልጆቹና በተሰቀለው ክራር ስም ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ማናህሎሽ
የቅዳሜ አስተማሪ

ማስታወሻ፦ በውድድሩ ቀን የፊት ወንበር ላይ ስለምትቀመጡ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብቀር ከሕሊናዬ ጋር እጣላለሁ። ተማሪዎቼ በልምምድ ላይ መዝሙራችሁን ሲጫወቱ እርስ በርስ እየተያዩ ሳቃቸውን ይቆጣጠራሉ። ብጠይቃቸው ሌላ ቃል እንደወጣለትና ሁሉም በልቡ እየዘፈነ እንደሚጫወተው፣ ቃሉም ስለ ኮሚቴው እንደሆነ ነገሩኝ። በቀኑ አንድም ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ የምትረከቡት ስለማይኖር አትድከሙ፤ ተነሥታችሁ ማጨብጨብ ብቻ ነው። ቃሉን ያወጣችላቸው ሲድራ ናት። ልታግዷት ብትፈልጉ፣ ቀድማችሁ ስለጨረሳችሁ የሚታገድ ነገር አልቀራትም። ክራሯን ከሰቀለች ወዲህ የሠራችው ሥራ ይህ ብቻ ነው።