የቡጢ ቁራሽ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለሩቁ አዛዥ፤

እንዴት ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደህና መሆንህን ግን ከላክኸው ከረጢት ተረድቻለሁ። ያልደላው ሰው ለውሻ እህል የሌለበት ምግብ መርጦ፣ መንገደኛ ለምኖ፣ ያን ሁሉ መንገድ አያስጭንም። እወድሃለሁ። ይህን ቀድሜ የምጽፈው ወደ ታች እያነበብክ ስትሄድ እንዳትረሳው ነው። አሁን ግን ደሜ ፈልቷል፤ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ጣጣውን ያመጣው ቡጢ ታካለች ብዬ በስልክ መናገሬ ነው። ሁለት ወር ብቻ ያዢልኝ ብለህ ጥለሃት የሄድካት ውሻ ይኸው ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እሷን ስታክ ማየት አንጀቴን ስለበላው ነው የነገርኩህ። አንተ ደግሞ ከረጢቱን ከነመመሪያው ሰደድክ። ለቡጢ አንድ ሙሉ ገጽ፣ ለአባባ ግማሽ መስመር። «ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሩዝ ከአፏ እንዳይገባ፤ ፍርፋሪም ቢሆን። አባባም ዳቦ እንዳይሰጣት ንገሪው።»

ንገሪው! አባባን! ቁርሱን በልቶ ሳይነሳ «ዛሬ ቁርስ የለም እንዴ?» ለሚል ሰው ምኑን ነው የምነግረው? እየረሳ ነው ስልህ «እርጅና ነው፣ አታካብጂ» ብለኸኝ አልነበር? ለውሻ እከክ ግን ገጽ ሙሉ ጻፍክ።

ቢሆንም በጭፍን እምቢ አላልኩም። ከስፌት ቤቱ ፈቃድ ጠይቄ፣ ቡጢን በዘንቢል ይዤ እንስሳት ሐኪሟ ጋ ሄድኩ። ያቺ ጉደኛ የብረቱ ጠረጴዛ ላይ ስትወጣ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠች። ሐኪሟ ጆሮዋን ገልጣ፣ በጣቶቿ መሀል አይታ፣ ቁንጫ ፈልጋ አጣች።

«እህል የማይስማማው ውሻ አለ» አለችኝ፤ «ግን ሰው እንደሚያወራው ብዙ አይደለም። አንዳንዱን የሚያሳክከው ሥጋው ነው። እህል የለበትም ማለት ደግሞ ይሻላል ማለት አይደለም።»

«ታዲያ ልስጣት ወይስ ይቅር?»

«ሞክሪው። ከጀመርሽ ግን ለሁለት ወር ሌላ ምንም እንዳትቀምስ። ቁራሽ ዳቦ ጣል ካደረጋችሁላት ድካምሽ ሁሉ ከንቱ ነው።»

አባባ እንዴት እንደሚበላ ታውቃለህ፤ ከረሳኸው ልንገርህ። ዳቦው ሲቀርብለት ሁለት ቦታ ይቆርስና አንዱን ወደ ጠረጴዛው ሥር ይዘረጋል። ቡጢ ከተቀበለችው በኋላ ነው የራሱን የሚጎርሰው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እያለ ያሳደገን ሰው፣ ሁሉ ነገር ከራሱ ሲጠፋ ይቺ አልጠፋችበትም።

እኔ ግን ትእዛዝ አክባሪዋ፣ ምግብ በቀረበ ቁጥር ቡጢን መኪናዬ ያለበት ክፍል አስገብቼ ቆለፍኩባት። የልብስ ስፌት መኪና ማለቴ ነው፤ ሌላ መኪና እንደሌለኝ ታውቃለህ። እሷ በሩን ትቧጭራለች፣ አባባ ዳቦውን ይቆርሳል፣ እጁን ወደ ሥር ይዘረጋል። የሚቀበለው የለም። ክንዱ እስኪዝል ይጠብቅና ቁራሹን መልሶ ሳህኑ ላይ ያስቀምጠዋል። የራሱንም አይነካውም። «አባባ ብላ እንጂ» ስለው «ቆይ» ይለኛል። ቆይ እንዳለ ምሳ ይደርሳል፣ ምሳም እንዲሁ ያልፋል። ከሾርባ በቀር ምንም አልወርድለት አለ፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በወስፌ ሳይሆን በስፌት መቀሴ ጫፍ የበሳሁለት እኔ ነኝ።

ንዴቴን ያባሰው ደግሞ ምን መሰለህ? ቡጢ ማከኳ ቀነሰ! ጆሮዋ ሥር ያለው ቅላት ጠፋ፣ ጸጉሯም መመለስ ጀመረ። አንተ ልክ ሳትሆን አትቀርም። ይኸው ጻፍኩልህ፤ ደስ ይበልህ።

አንድ ዘዴ ዘየድኩ። ዳቦውን ትቼ፣ አንተ ከላክኸው ምግብ እፍኝ ያህል በሲኒ ማስቀመጫ አድርጌ አጠገቡ አኖርኩለት። ይህን ይስጣትና ሁሉም ይገላገል ብዬ። አባባ አንዷን ፍሬ አነሳ፣ ወደ ብርሃኑ ይዞ አያት፣ አፉ ውስጥ ጣላት።

«አባባ! ምን ነካህ!»

«ሳልቀምስ ለልጅ አልሰጥም» አለኝ። ቀርጨም ቀርጨም አደረጋትና «ጨው የለውም፤ ማነው የሠራው?» አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። ቀጥሎ ግን ንዴቴ መጣና «ልጅህ ነዋ! ከሩቅ አገር የላከው!» አልኩት።

«ልጄማ የትም አልሄደም» አለና ወደ ጠረጴዛው ሥር አጎነበሰ። «ና ድንቡሼ! ና ብላ። ባዶ ሆድህን ትምህርት ቤት አትሄድም።»

ድንቡሼ ተብሎ የተጠራ ሰው እቤታችን ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ አንተው ታውቀዋለህ። ጉንጩ እስኪከሳ በዚያ ስም ስንጠራው ያለቅስ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ማንም ስለሌለ አባባ ቀና ብሎ አየኝ። «ድንቡሼ የታለ? ምን አደረግሽው?» አለኝ። ከሰዓቱን ሙሉ መጋረጃ እየገለጠ መንገዱን ሲያይ ዋለ።

እንዲያ ሆኖ ከማየው ብዬ ዳቦ አመጣሁለት፤ ቆረሰው። እጄን ዘረጋሁና «ለእኔ ስጠኝ አባባ፣ እኔ ልቀበልህ» አልኩት። እጁን ሰበሰበ።

«ያንቺ ወጥ ቤት አለልሽ። ይቺ የልጄ ናት።»

የማጥበው፣ የማለብሰው፣ ሌሊት ሲነሳ አብሬው የምነሳው እኔ ነኝ። እኔም ልጁ ነኝ።

ተነስቼ የቆለፍኩትን በር ከፈትኩት። ቡጢ እየተንሸራተተች መጥታ ጠረጴዛው ሥር ገባች፣ ቁራሿን ተቀበለች፣ አባባም በላ። ሁለት ዳቦ በላ፣ እንቁላል ጨመርኩለት፣ እሱንም በላ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ስለዚህ ተወስኗል። ቡጢ ስንዴ ትበላለች። በማግስቱ ማከክ ጀምራለች፤ ትከክ። ሐኪሟን በስልክ ስነግራት «ቁራሹን አነስ አድርጊው፤ ቅባት እሰጥሻለሁ» አለችኝ። ጠዋትና ማታ እቀባታለሁ። በቀረው ሰዓት ያንተኑ ምግብ ትበላለች፤ ሲያልቅ ግን ሌላ እንዳትልክ። ዳቦ እንድታቆም ከልብህ ከፈለግህ የቤቱን መንገድ ታውቀዋለህ። መጥተህ ወንበር ሳብና ቁራሽህን ራስህ ተቀበል። ላያውቅህ ይችላል፤ በዚህ አልዋሽህም። እንደ እኔ ወጥ ቤት ከላከህ አብረን እንቀመጣለን።

እስከዚያው ጤናህን ይስጥህ፣ ከክፉ ይሰውርህ፤ ስቆጣህ የሚመልስልኝ ሌላ ሰው የለኝም። አባባ ሰላም ብሎሃል ብዬ አልጽፍም፤ አላለህም። ጠዋት ጠዋት ግን ቡጢ ቁራሿን ስትውጥ ራሷን ይዳብስና «እደግ፣ ተመንደግ» ይላታል። ያ ምርቃት የአንተ ነበር፤ ውሻዋ ናት የምትቀበልልህ።

እትዬ