የልብ ደም ሥር ምስል ባለሙያችን ሕልፈትና ከእሳቸው በኋላ የደረሰው እርማት

በሆስፒታላችን የልብ ሕክምና ክፍል ለሃያ ሁለት ዓመታት ያገለገሉት የምስል ባለሙያ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው እሑድ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሠራተኛው ሁሉ በጥልቅ አዝኗል፤ በኃላፊነት ላይ ያለነው ግን ከሐዘኑ ጋር ኀፍረትም አለብን።

በ1994 ዓ.ም. በራጅ ቴክኒሺያንነት ተቀጠሩ። በ2000 ዓ.ም. ቀጭን የአልትራሳውንድ ሽቦ ወደ ልብ ደም ሥር አስገብቶ ግድግዳውን ከውስጥ የማየት ሥራ በክፍላችን ሲጀመር የመጀመሪያው ባለሙያ ሆኑ።

የጠበበ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዘው ስቴንት፣ ካልሲየም በተጋገረበት ቦታ በቀላሉ አይከፈትም። በራጅ ደህና የመሰለው ከውስጥ ሲታይ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የካልሲየሙን ውፍረት ለክተው ሳይናገሩ ስቴንት እንዳይገባ አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። ወጣት ሐኪሞች «ጋሽ ቆዩ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ይስቁ ነበር እንጂ ከሐሳባቸው ፈቀቅ አይሉም።

በ2008 ዓ.ም. አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ሲታከሙ ባለሙያው «ቆዩ፤ ካልሲየሙ ዙሪያውን ነው፣ መጀመሪያ ይሰበር» አሉን። ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ ስለነበር ተጣደፍን፤ አልሰማናቸውም። ስቴንቱ በግማሽ ተከፍቶ ቀረ፤ ሾፌሩም በአራተኛው ቀን ደም ረግቶባቸው አረፉ። በሪፖርታችን ግን «ምስሉ ግልጽ አልነበረም» ብለን ጥፋታችንን በባለሙያው ላይ አላከክን፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሰጠናቸው። ምስሉ ግልጽ ነበር።

ማስጠንቀቂያው እንዲነሳላቸው ሦስት ጊዜ አመልክተው ሦስቴም «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» ተባሉ። ለእድገት ሲወዳደሩም ያው ወረቀት ጣላቸው።

እንዲያም ሆኖ በ2012 ዓ.ም. ስድስት ባለሙያዎችን አሠልጥነዋል። ዛሬ ካልሲየም የበዛበት ደም ሥር ምስሉ ሳይነበብ በክፍላችን ስቴንት አይገባበትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ማስጠንቀቂያው እንዲሰረዝ የወሰንነው ሰኞ፣ ባረፉ በማግስቱ ነው።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። እውነቱን ለደበቅናቸው ለሾፌሩ ቤተሰብም ይቅርታ እንጠይቃለን።

የስረዛውን ደብዳቤ ማክሰኞ ለባለሙያው ባለቤት አደረስን። አንብበው ሲጨርሱ «እሱ ያልሰማውን እኔ ምን ላድርገው?» አሉን።