ድጋሚ የወጣችው መኪና

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ሚስትህስ? ጉልበቷን ያመማት ነገር ተሻላት ወይ? እኔ ደኅና ነኝ። ቤቱም ደኅና ነው። የኩሽናው ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር፤ ክር ጠመጠምኩበትና ተወ። ከዚህ በቀር የሚወራ የለም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። ብዕር ስይዝ ግን ኖሯል።

ጽሕፈቴን አይተህ እንዳትስቅ። የታችኛዋ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣችው ጸሐፊ፣ “ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍልዎ” ብላኝ ነበር። ለልጄ የምለውን በሰው እጅ አላሳልፍም አልኳት። ፊደሎቼ ጭነት እንደበዛበት መኪና ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ቢያዘነብሉም ይደርሳሉ።

ባለፈው የላክኸው መልእክት የደረሰኝ ደረጃ ላይ ነው። ዳቦ ገዝቼ ስወጣ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። “አባዬ፣ ድጋሚ ወጣች” ይላል። ሌላ የለውም። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

እናትህ ሆስፒታል በገባች ጊዜ ሁሉ የምንጻጻፈው በዚያች ቃል ነበር። አንተ “ወጣች?” ትላለህ። እኔ “ወጣች” እላለሁ። ሌላ መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቅ ስለነበር ከዚያ በላይ አትጠይቀኝም። እና ደረጃው ላይ ያነበብኩት እንደ ድሮው ነው። ወጥታ፣ ያቺን ሰማያዊ ቦርሳዋን ይዛ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ታክሲ የምትጠብቅ መሰለኝ። እንደሞተች ጠፍቶኝ አይደለም። ቃሉ ቀደመኝ።

ቀጥሎ ሁለተኛው መልእክትህ ገባ። ለካ ስለ መኪናዋ ነው። “ያቺን በልጅነቴ ከእማዬ ጋር የገጣጠምናትን የሪሞት መኪና ፋብሪካው ከስንት ዘመን በኋላ እንደገና አወጣት፣ ያው ሣጥን፣ ያው ሥዕል፣ ያው ቁራጭ፤ አንዷን ገዝቼ ልኬልሃለሁ፤ አዲሷን አንተ ያዝ፣ አሮጌዋን ላክልኝ፤ አንድ ናቸው፣ ልዩነት የላቸውም።” እንዲህ ነው ያልከኝ። ስነሣ ዳቦው ቀዝቅዞ ነበር።

ሣጥኑ ደርሷል። ከፍቼዋለሁ። ቁራጮቹ ከፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደተንጠለጠሉ ናቸው፤ ብሎኖቹ በየከረጢታቸው ታሽገዋል። ገላዋን የሚሸፍናት ቀፎ ቀለም አልነካትም፤ እንደ ብርጭቆ ወዲያ ማዶ ታሳያለች። ያችኛዋን ከመደርደሪያው አወረድኩና አጠገቧ አስቀመጥኳት። ጎማዋ ተሰነጣጥቋል። የፊት እግሯ እናትህ በክር እንዳሰረችው ነው። አንቴናዋ እንደ እኔ ጎብጧል።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ከሩቅ ጭነት ስመለስ ምግብ የሚበላበት ጠረጴዛ ሁሉ ብሎን ሆኖ ጠበቀኝ። ኩንታል የማትጭን መኪና ምን መኪና ናት ብዬ ቀለድኩባችሁ። እናትህም ቀና ሳትል፣ “አንተን የሚያህል ጭነትማ እኔም ከብዶኛል” አለችኝ። አንተ ሣቅህን ለመደበቅ ጠረጴዛው ሥር ገባህ።

ቀፎዋ ከውስጥ ነበር የምትቀባው። መጀመሪያ የቀባኸው ነው ከላይ የሚታየው። ይኼ ተምታታብህና አለቀስክ። እናትህ፣ ዕድሜ ልኳን የደንብ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ ኮሌታ እኮ ነው ልጄ፣ ከውስጥ ሰፍተህ ትገለብጠዋለህ አለችህ። አስተካክላ ቀባችው። ደርቋል ብላ አውራ ጣቷን የመኪናዋ ጎን ላይ ስታሳርፍ ግን ቀዩ ቀለም አልደረቀም ነበር። ጣቷ እዚያው ቀረ፣ መርፌ የሰነጠቃት ጠባሳ ሳይቀር። አንተ እንደገና እንቀባው አልክ። እሷ ግን፣ ተወው፣ ታርጋዋ ይሁን አለች። ከውጭ ቢወለውሉት አይጠፋም፤ ከውስጥ ነው ያለው።

አንድ ናቸው ያልከውን ሳላጣራ አልልክም ብዬ ሁለቱንም በገበያ ቦርሳ ያዝኩና ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወዳለው የመጫወቻ መኪና መጠገኛ ሱቅ ሄድኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ የድሮ መጫወቻ ሰብሳቢዎች ይቀመጣሉ። ሽማግሌ ነኝ ብዬ አፍሬ ነበር፤ ስገባ ከእኔ የሚበልጥ አገኘሁ። እኔ ያን ሁሉ ተሳቢ የጎተትኩ ሰው፣ ድመት የምታህል መኪና በጨርቅ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ባንኮኒው ላይ አስተኛኋት።

አንዱን ሣጥኔ ይሉታል። የድሮ ፋርማሲስት ነው። መኪና አይወድም፤ ሣጥን ነው የሚወደው። ቤቱ ያልተከፈተ ሣጥን ሞልቶ ሚስቱ ኮሪደር ላይ ነው የምትተኛው ብለው ያሙታል፣ እሱ ባለበት። የአዲሷን ሣጥን አገላብጦ ጎኑ ላይ ያለችውን፣ “ድጋሚ የወጣች” የምትለውን ደቃቅ ጽሕፈት አሳየኝና ይቺ የእንጀራ ልጅ ናት አለኝ። እንዲህ እያወጡ ነው የድሮዎቹን ክብር ያረከሱት፤ ማንም ተነሥቶ ሱቅ ገብቶ የሚገዛትን ነገር እኛ ለምን ዓመት ሙሉ እንፈልጋለን አለ።

ጥርስ ሐኪም የሆነች አንዲት ሴትዮ አለች። እሷ ሳቀችበት። የፈሰሱበት ፎርማ አንድ ነው፣ አንድ ፎርማ ማለት አንድ ማህፀን ነው፣ ታናሽ እህቷ ናት እንጂ የምን የእንጀራ ልጅ አለችው። ደግሞም የአሮጌዋ ፕላስቲክ ደርቋል፣ አንድ ድንጋይ ብትመታ ትበተናለች፤ አዲሷን እየነዱ አሮጌዋን ማሳረፍ ነው፣ ሰውም እኮ ጡረታ ይወጣል አለች። ሣጥኔ፣ አንቺ የሰው ጥርስ ነቅለሽ አርቴፊሻል የምትተኪ ሰው ሌላ ምን ልትይ ነው አላት። ሁሉም ሳቀ። ሴትዮዋም ሳቀች። ባለ ሱቁ ለማንም አላደላም። ለእኔ አዲስ መውጣቷ መለዋወጫ አመጣልኝ፣ የተሰበረ እግር በክር ከማሰር ያድናል፤ እናንተ ስለ ክብር ተጨቃጨቁ አለ።

እኔ አዳምጥ ነበር። ክርክራቸውን ስሰማ የሚያወሩት ስለ መኪና ብቻ አልመሰለኝም። ግን አልጠየቅኩም።

ከዚያ ሣጥኔ አሮጌዋን አነሣት። አገላበጣት። የጣቱን አሻራ አየ። ይቺ አሻራ ናት ያበላሸቻት አለ፤ ዕድሉ አሁን ነው፣ የአዲሷን ቀፎ ቀብተው አሮጌዋ ላይ ይጫኑት፣ ይኼኛውን ይጣሉት፣ ማንም አያውቅም አለኝ። ሴትዮዋ ከእጁ ተቀበለቻትና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት።

“የማን ጣት ነው?” አለችኝ።

“የባለቤት” አልኳት።

ሣጥኔ፣ ባለቤቷማ እርስዎ ነዎት፣ የእርስዎ አውራ ጣት ደግሞ አካፋ ነው የሚያህለው፣ ይቺ ትንሽ ናት አለ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። በመጣችበት ጨርቅ እንደነበረች ጠቅልላ መለሰችልኝ። ሣጥኔ አሁንም ቀፎው ቀፎው ሲል፣ ታርጋ አይፈታም አልኩትና ወጣሁ። ምን እንዳልኩት የገባው አይመስለኝም።

አውቶቡስ ውስጥ ሁለቱን ጭኔ ላይ አድርጌ የማስበው ስለ እነሱ ክርክር አልነበረም። ስለ መልእክትህ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ቀስ ብለህ አንብበው። እኔም ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ያን ቀን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ነርሷ የእናትህን ልብስና ጫማ በሰማያዊው ቦርሳ አድርጋ ሰጠችኝ። አንተ “ወጣች?” ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ልመልስልህ የፈለግኩት ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው ቃል፣ ነፍሷ የሚለው፣ መጨረሻ ላይ ያቺ ሷ የምትባለው ፊደል አለች። ስልኩ ላይ ፈለግኋት። ሰ አለ። ሱ አለ። ሲ አለ። እሷ ግን የለችም። ሰው መጠየቅ እችል ነበር፤ ሰው ሞልቷል። አልጠየቅኩም። ሁለተኛውን ቃል ብቻ ላክሁልህ። ውሸት አልጻፍኩም።

አንተም “ተመስገን” ብለህ መለስክልኝ።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ይኼ ልጅ ተመስገን ያለው እሷ ተገላገለች ብሎ ነው ወይስ እኛ ተገላገልን ብሎ? ይኼንን እያሰብኩ ቀበርኳት። በማግሥቱ ከአክስትህ ሰምተህ ደወልክ። “ለምን ደበቅከኝ?” ብለህ ጮህክብኝ። “ጽፌልሃለሁ” አልኩህና ዘጋሁት። ጽፌልህ ነበራ። ከዚያ ወዲህ አንተ አልፎ አልፎ እንዴት ነህ ትላለህ፣ እኔ ደኅና እላለሁ። ያቺን ተመስገን ግን አላወረድኳትም። ጭነት ሲቆይ ክብደቱ ለሹፌሩ አይታወቀውም፤ መኪናዋ ናት የምታውቀው።

እንግዲህ ደረጃው ላይ ተቀምጬ “ድጋሚ ወጣች” የሚለውን ሳነብ፣ አንተ ያን ቀን ያነበብከውን አነበብኩ። ያው ቃል ነው። ያኔ አንተም ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ቆማ አይተሃታል። ይኼን ያህል ዘመን ሳሽከረክር መገንጠያ ስቼ አላውቅም፤ ይኼንን ሳላየው አልፌዋለሁ። አንተም አልፈኸዋል። ሁለታችንም ታፔላው ላይ የተጻፈውን አንብበናል።

ሲገባኝ አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለቀስኩም። ዳቦውን ይዤ ወጣሁ፣ በላሁ፣ ሳህኑን አጠብኩ። እንዲህ ከሆንኩ ቆይቻለሁ፤ አዲስ ነገር አይደለም።

ስለ መኪናዋ፣ አልልክም። በፖስታ አይላክም፣ ፕላስቲኩ ደርቋል፤ ጥርስ ሐኪሟም ብላለች። አንድ ናቸው ያልከውም ልክ አይደለም። ቁራጩ አንድ ነው፣ ፎርማው አንድ ነው፣ እሱን አልክድም። አዲሷ ግን ታርጋ የላትም። አሮጌዋን ከፈለግክ መጥተህ ውሰድ። አዲሷን ሳልገጣጥም ሣጥኗ ውስጥ መልሻታለሁ። ብሎኖቹ ደቃቅ ናቸው፣ ዓይኔ አይመርጣቸውም። ቀለሙን ገዝቼዋለሁ። ቀይ ነው። ጠረጴዛውም ባዶ ነው።

ሌላው ነገር፣ ሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ። ጎኔን ከፍተው የሚያዩት ነገር አለ። ሐኪሙ ትንሽ ነገር ናት ይላል፤ ለእናትህም ትንሽ ነገር ናት ነበር ያላት። ያው ኮሪደር ነው። ወንበሮቹን ቀይረዋቸዋል። አንተን ለማስደንገጥ አይደለም የምጽፈው፤ ሥራህንም ጥለህ ና አላልኩም። ና ያልኩህ ለመኪናዋ ነው።

ስልኬን ለታችኛዋ ጎረቤቴ እተውላታለሁ፤ የቤቱ ቁልፍም እሷ ዘንድ ነው። የሚሆነውን እሷ ትጽፍልሃለች። ፊደል ሁሉ ታውቃለች፣ ሷንም የት እንዳለች አሳይታኛለች፤ ለካ ሰን ጫን ሲሏት ነው የምትወጣው። ሁለቱንም ቃል አሟልተሽ ጻፊ ብዬ አደራ ብያታለሁ። ሰው ግን ሲቸኩል ያሳጥራል። ምናልባት “ወጡ” ብላ ብቻ ብትልክልህ፣ ተመስገን ከማለትህ በፊት እንዴት እንደወጣሁ ጠይቃት።

ዳገቱን ያቅልልህ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አይንሣህ። ለሚስትህ ጉልበቷን ይመልስላት። ወደ ቤት የሚያመጣህን መንገድ ደረቅ ያድርግልህ።

አባትህ