በዘንጉ ላይ ያለው ምልክት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለዴልበርት፣ ኦሃዮ።

እንዴት ከርመሃል? እኛ እዚህ ኬንታኪ፣ ከኔ ንዴት በቀር ደህና ነን።

ያ ተፈታትቶ በካርቶን የመጣው፣ በአፉ የሚጎርሰው ጠመንጃ አለቀልህ። እንጨቱን የሞረድኩት እኔ፣ አፈሙዙን የገጠምኩት እኔ! እንጨቱን የቀባሁት ዘይት ብቻ አልደርቅ ብሎ እጅ ላይ ይጣበቃል። ባለቤቴ ኢሞጂን፣ «በቀን ሦስቴ እየቀባኸው እንዴት ይድረቅ?» አለችኝ። አንዴ ነው የቀባሁት!

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ለተኩስ ውድድር ወጣን። ባሩዱን ጨምሬ የእርሳሱን ጥይት በመጠቅጠቂያው ዘንግ በአፈሙዙ ወደ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ጠመንጃው ሲጎርስ ዘንጉ እስከየት እንደሚገባ በቢላ ምልክት አድርጌበታለሁ። ምልክቱ ከአፈሙዙ አራት ጣት ከፍ ብሎ ቀረ። ጎረቤታችን ኤልሮይ ጠመንጃውን ከእጄ መንጭቆ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቀድሞም ጎርሷል እኮ! ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ነበር!» ብሎ በሰው ፊት ጮኸብኝ።

ማነው ያጎረሰው? ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ኢሞጂን ብቻ ነን፤ እሷ ደግሞ ጠመንጃ በእጇ ነክታ አታውቅም። ይባስ ብላ ባሩዱን ደብቃብኛለች! እኔን! እንደ ሕፃን!

አሁን ደግሞ አጠገቤ ቆማ፣ «ይህንኑ ደብዳቤ ሰኞ ጽፈህ ልከህለታል» ትላለች። አብዳ ነው እንጂ! ብቻ ደርሶህ ከሆነ ለኔ ጻፍልኝ፤ ለሷ እንዳትነግራት።

ልጆችህን ሁሉ በየስማቸው እየጠራህ ሳምልኝ። ጤናህን አያጓድልብህ።

ወንድምህ ቨርጂል