እማዬ የረገጠቻት ወይራ

ለምወድሽ እህቴ ለቤዛዊት፣

እንዴት ከርመሻል? ያ ጨጓራሽስ ተሻለሽ? የጅግጅጋ ነፋስና አቧራ እንዴት ይዟችኋል? ባልሽ ኖህስ ሥራው፣ ልጃችን ሐመልማልዬስ ትምህርቷ? እኛ፣ እመቤታችን ምስጋና ይግባትና፣ ከእማዬ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይኝ። የአክስታችን ልጅ ግዛቸው ወደ እናንተ ሊመጣ ስለሆነ እማዬ ጠበል ልካልሻለች። «ጠበሉን ብቻውንማ አልልክም» ብላ እኔን ቁጭ አድርጋ ታስጽፈኛለች።

በደወልሽ ቁጥር «እማዬን እንጦጦ ማርያም አደረስካት?» ትዪኛለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ አንድም ቀን አልተሳለመችም ነበር። ኮረኮንቹን ይዛ እስከ አስፋልቱ መውረድ አቃታት፣ ባለ ሁለት ጋቢናዋ ፒክአፕ መኪናዬ ደግሞ በራችን ድረስ አትገባም። ከሸጎሌ ገበያ በግና ፉርሽካ ስጭንባት ከርሜ ጭነት የሚሸከመው የኋላ ባሌስትራዋ ሙትት ብሎ፣ ባዶዋን እንኳ በራችን ፊት ያለውን ቦይ ስትሻገር ቂጧን ትመታለች።

ታዲያ ምን ዘየድኩ መሰለሽ? ሰዎች በባሌስትራውና ጎማዎቹን በሚያያይዘው አክስል መሃል የብረት ማንሻ እየከተቱ መኪናቸውን ከኋላ ከፍ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ብረት ምን ያደርግልኛል ብዬ፣ ከአባዬ አጥር ከተረፈው የወይራ ግንድ ሁለት ቆርጬ የአባዬ ጓደኛ መካኒኩ ጋሽ በዳሳ ጋ ከች አልኩ። ገልበጥ አድርገው አዩና «ይሄንን ወስደህ አጥርህን ጠግንበት። ስትጭን ተሰንጥቆ የኋላ ጎማህ ከነዲፈረንሻሉ ጥሎህ ቢሄድ እናትህን ማን ሊያጽናናልህ ነው?» አሉኝ። ጋራዡ ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት የብረቱን አሠርተው፣ ረዘም ያለ ማሰሪያ ብሎን አስገዝተውኝ፣ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር አይተው ገጠሙልኝ።

መኪናዋ ከኋላ ስትነሳ አፍንጫዋን ደፋች። ጎረቤታችን እትዬ ወለተማርያም «ሣር ልትግጥ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ! ቦዩን ሳትነካ ተሻግራ በራችን ላይ ቆመች። ደስታዬን ባየሽ!

የጥቅምት ማርያም ዕለት እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እግሯን አነሳች፣ አልደረሰችም። እንደገና ሞከረች፣ እምቢ። ለካ መኪናዋ ስትነሳ የምትቀመጥበት የኋላ ወንበርም አብሮ ተነስቷል! ስለ ቦዩ ብቻ ሳስብ ጉልበቷን ረስቼው ነበር። ላቅፋት ጠጋ ብል «ሰው ተሸክሞ የሚያወጣኝ ስሞት ነው!» ብላ በከዘራዋ ገፋችኝና ጎረቤት እያየ ተመልሳ ገባች። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። አለቀስኩ ብልሽ አታምኝኝም፣ ግን አለቀስኩ።

በኋላ ወይራዎቹን ጓሮ ተጥለው አገኘኋቸው። ሁለቱን አቁሜ ጣውላ መታሁባቸው፣ እንዳያንሸራትትም አሮጌ ምንጣፍ ቸነከርኩበት። የኅዳር ማርያም ጠዋት ከመኪናዋ በር ሥር አስቀመጥኩላት። አንድ እግሯን ጣውላው ላይ፣ እጇን በሩ ላይ አደረገች፣ ሌላውን አስከተለች፣ እሰይ! ገብታ ቁጭ! እትዬ ወለተማርያም እልልታቸውን አቀለጡት። ዳገቱን ስንወጣ ባሕር ዛፉን እያየች ዝም ብላ ትስቃለች። እንጦጦም ስንደርስ በዚያችው መርገጫ ወረደች። ደጁን ስትሳለም ከሁላችን አስቀድማ ያንቺን ስም ስትጠራ ሰማኋት፣ ትንሽም ቀናሁ።

ጋሽ በዳሳ በእንጨቴ እየሳቁም ቢሆን ሰላም በልልኝ ብለዋል። እትዬ ወለተማርያምንም ናፍቀሻቸዋል። ኖህን በጣም ሰላም በይልኝ፣ ሐመልማልን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እማዬ አጠገቤ ናት። ምን ብዬ ልጻፍላት ብላት ብዙ አስባ፣ ከዘራዋን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ «ማንም ሳይደግፈኝ ወጣሁ በላት» አለችኝ።

ወንድምሽ አድነው
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.